ንግሥቲቱ ዝም ስትል

እናቴ ዓይኗ በደከመ ጊዜ የንግሥቲቱን የቴሌቪዥን ድራማ የምታየው በእኔ አፍ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ተነሥቶ ሳህኑ ገና ሳይታጠብ፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ንግግሩን እሷ በጆሮዋ ትሰማለች፤ ንግግር የሌለበትን እኔ እሞላለሁ። «አሁን ማን ገባ?» ትለኛለች። «የጦር አዛዡ።» «ምን ለብሶ?» እንግዲህ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሥራዬ ግንብ ማስጎብኘት ነው። ጎንደር ላይ «ግንብ» ከተባለ የነገሥታቱን ግቢ ማለት ነው፣ ሌላ ግንብ አንቆጥርም። በታሪክ ከተመረቅኩ ወዲህ ቀኔን የማሳልፈው በዚያ ግቢ ውስጥ ነው፤ የትኛው በር ለማን ይከፈት እንደነበር፣ የቱ ጣሪያ ኋላ እንደተጠገነ፣ ምኑ እንደሚታወቅና ምኑ እንደማይታወቅ ለእንግዳ እናገራለሁ። ስለዚያ ዘመን የተሳሳተ ነገር ስሰማ እንጀራ ውስጥ አሸዋ የነከስኩ ያህል ይቆረቁረኛል። ይህን ጠባይ ከማን እንደወረስኩ አይታወቅም። እናቴ «ከአባትሽ ነው» ትላለች፣ አባቴ በሕይወት ሳለ «ከእናትሽ ነው» ይል ነበር።

ስለዚሁ ግቢ ንግሥት የተሠራው ድራማ ደግሞ አሸዋው ብዙ ነው። ንግሥቲቱ ዞር ስትል ከቀሚሷ ጀርባ ላይ ዚፕ ብልጭ ይላል። ጥፍሯ ቀለም ተቀብቷል። በንጉሡ ግብር ላይ ያኔ በአገሩ ያልነበረ ድንች ወጥ ይቀርባል፣ ያውም በትልቅ ሳህን፣ ካሜራውም ቀረብ ብሎ ያሳየዋል። ከመስኮቱ ማዶ ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ይታያል። ባሕር ዛፍ እዚህ አገር የገባው የዚያ ቤተ መንግሥት ሰዎች አፈር ከሆኑ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ አልቻልኩምም።

«እማዬ፣ ዚፕ እኮ ነው! ዚፕ!»

መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። ቆይቶ ሳቁ አነሰ። አንድ እሑድ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ «አንቺ ልጅ» አለችኝ፤ «ዓይኔን ሞራ ወሰደብኝ፤ ድራማዬን ደግሞ አንቺ አትውሰጅብኝ።»

ነገሩን በግልጽ ልናገር። እናቴ ነርስ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ግራ ዓይኗ ከዓመታት በፊት በዓይን ግፊት ሳቢያ ጠፍቷል። ቀኙን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ሄዶ፣ ወደ መጨረሻው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ሌላ አልቀረላትም። ቴሌቪዥኑ ለእሷ ግድግዳ ላይ የምትንቀሳቀስ ብርሃን ነበር። ሐኪሙ ሞራው ሊገፈፍ እንደሚችል ነግሯታል፤ ሆኖም «ሲስተር፣ ያለዎት ይኸው አንድ ዓይን ነው፣ ሙሉ ዋስትና አልሰጥዎትም» አላት፤ ከዚያ ቃል በኋላ ፈራች። ስንቱን በሽተኛ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» እያለች ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትሸኝ የኖረች ሴት፣ የራሷ ተራ ሲደርስ «ይቆይ እስኪ» ትላለች። ክረምቱ ይለፍ፣ ጾሙ ይፈታ፣ በዓሉ ይዋል። እኔም አልጫንኳትም። ያችው ብርሃን እንኳ ብትጠፋስ? እኔም ፈርቼ ነበር።

ስለዚህ ያ የእሑድ ድራማ ቀላል ነገር አልነበረም። መጽሐፍ ማንበብ ቀርቷል፣ ጥልፍ ቀርቷል፣ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀርቷል። የቀረላት ያ ነው። እኔ ደግሞ በየደቂቃው እያፈረስኩባት ነበር።

እና ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ንግሥቲቱ ወይን ጠጅ ከፋይ ካባ ደርባ፣ ደረቷ ላይ የፕላስቲክ ጨሌ ዘርግታ ብቅ አለች። እናቴ «ምን ለብሳ ነው?» ስትለኝ ትንፋሼን ዋጥ አደረግሁና «ነጭ ቀሚስ፣ ጥልፉ ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ታች የሚወርድ የሐር ጥልፍ፣ ከላይ ጃኖ» አልኳት።

«ሸጋ!» አለች፣ ከልቧ። ድምፅዋን እንዲህ ለስልሶ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመኛል? ባሕር ዛፉን ነቅዬ ጽድና ወይራ ተከልኩ። ድንች ወጡን አንሥቼ ብርንዶ አቀረብኩ። ንጉሡ ከቤት ሲወጣ ጥላ የሚይዝለት ሰው ስላጣ ድባብ ያዥ ቀጠርኩለት። የእልፍኙን የፕላስቲክ አበባ ጥዬ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። አንዳንዴ ካነበብኩት፣ አንዳንዴ በግንቡ ውስጥ ለእንግዳ ከምናገረው፣ አንዳንዴም ያለ ሐፍረት ከግምቴ። በአገሩ ሁሉ ያንን ድራማ ስንት ሰው እንደሚያየው አላውቅም፤ ትክክለኛው ግን እናቴ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

በተለይ ዝምታው የእኔ ግዛት ነበር። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ጣልቃ አልገባም። ንግግሩ ሲቆምና ማሲንቆው ብቻ ሲቀር እናቴ ወደ እኔ ዘንበል ትላለች፤ «ምነው ዝም አሉ?» ያኔ እኔ ልብሱን፣ ወንበሩን፣ መጋረጃውን እደረድራለሁ።

አንድ ጊዜ አጎቴ ከሚኖርበት ከትክል ድንጋይ ገጠር መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ገበሬ ነው፤ ከተማ የሚወርደው ለመድኃኒት ወይም ለልቅሶ ነው፤ ቴሌቪዥን ሲያይ በሙሉ ልቡ ነው የሚያይ። እሑድ ነበርና አብሮን ተቀመጠ። ነጋሪት ተመትቶ ንጉሡ ወደ አዳራሹ ሲገባ አጎቴ ጋቢውን አስተካክሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

እናቴ የሶፋውን መንቀጥቀጥ ሰምታ «አያ፣ ምነው ተነሣህ?» አለችው።

«ንጉሥ ገባ እኮ እታለም!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፤ ግን ንጉሡ እስኪቀመጥ ድረስ አልተቀመጠም። እኔም ልማዴን ቀጥዬ፣ ንጉሡ የለበሰውን ነጭ ሸማና የወርቅ ጥለት ለእናቴ ስነግራት አጎቴ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ኧረ ይች ልጅ! ምኑ ነው ነጭ? ቀይ ነው እንጅ የለበሰ!»

ደነገጥኩ። እናቴ ግን አልደነገጠችም። እጇን ወደ ወንድሟ ጉልበት ልካ «ተዋት አያ» አለችው፤ «አውቃለሁ። ጎረቤት አይመጣ መስሏታል? የዚያችን ሴትዮ ከፋይ ካባ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው ነው የሚውል። የእሷ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

አጎቴ ግራ ገባው። ወደ እኔ ዞሮ «ለመሆኑ ይኸ ነገር እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ንግሥቲቱ ነበረች አያ፣ ልብሱ ነው ውሸቱ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ሴትዮዋ ካለች ልብሷ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን የምሩን ነበር፤ መልሴን እየጠበቀ ያየኝ ነበር። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ በእናቴና በእኔ መካከል የታወቀ ጨዋታ ሆነ። «እስኪ መጀመሪያ የእነሱን ንገሪኝ» ትላለች፤ እነግራታለሁ፤ ትስቃለች። «አሁን ደግሞ የእኛን» ትላለች፤ እነግራታለሁ፤ እፎይ ብላ ትተነፍሳለች። እንዲህ ስንል ወራት አለፉ።

በዚያው ሰሞን ሥራ ላይ አንድ ነገር ገጠመኝ። ግቢያችን የውጭ እንግዳ ቢጠፋበትም ሙሽራ አይጠፋበትም። ቅዳሜ ከሆነ ከግንቡ ሥር ፎቶ የሚነሣ ሙሽራ ይሰለፋል። አንዲት ሙሽራ ወይን ጠጅ ከፋይ ካባ ደርባ፣ ልክ የድራማዋን ንግሥት መስላ መጣች። ሚዜዎቿን ትታ ወደ እኔ ቀረበችና «እህቴ፣ ንግሥቲቱ ልጇን የሸኘችበት መስኮት የትኛው ነው?» አለችኝ።

«እንዲህ ያለ መስኮት የለም» አልኳት። «የቀረጹት እዚህ አይደለም፣ ሆቴል ሰገነት ላይ ነው። በዚያ ላይ ንግሥቲቱ ልጇን በመስኮት ስለመሸኘቷ የተጻፈ ነገር የለም።»

ፊቷ ጥቁር አለ። ሙሽራው መጣና «አንድ መስኮት ብታሳይን ምን ይጎድልብሻል?» ሲል ተቆጣኝ። «ይጎድልብኛል!» አልኩት፤ እኔም ተቆጣሁ። ለነገሩ ምን እንደሚጎድልብኝ ቢጠይቀኝ ኖሮ መናገሬን እጠራጠራለሁ።

ሙሽራዋ ከእኔ ጋር አልተከራከረችም። ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ወጣች፤ ያገኘችውን መስኮት መረጠች፤ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ ግንባሯን ከእጇ ጀርባ ላይ ደገፍ አደረገችና ዝም አለች። ፎቶ አንሺው «ወደዚህ ፈገግ በይ!» ቢላትም አልሰማችውም። ሚዜዎቿ ሲንጫጩ የነበሩት ጸጥ አሉ። ከታች ቆሜ አየኋት። ያ አኳኋን ከየት እንደመጣ ገረመኝ። ከድራማው አንድም ክፍል አላመለጠኝም፤ ንግሥቲቱ እንዲህ ስትሆን ግን አየሁ ብዬ ማስታወስ አልቻልኩም። ሙሽሮቹ ሄደው እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ በመንገዱ ሁሉ ይኸው ሲከነክነኝ ነበር።

ለእናቴ ነገርኳት፤ የተቆጣሁትን ጭምር። ሳቀች። ከዚያ «ዓይኔን ልታከም ነው» አለችኝ።

«ምን?»

«ሐኪሙ ጋ ደውይልኝ። ሙሽራ ሁሉ የሚመስላትን ሴትዮ እኔ ሳላያት ልቀር ነው እንዴ?»

«የእነሱን ነው ወይስ የእኛን?»

«እሱን ካየሁ በኋላ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን ጧት በባጃጅ ሄድን። ኦፕራሲዮኑ በር ላይ ሁለት ወጣት ነርሶች «አይዞዎት ሲስተር፣ ምንም አይደል» ሲሏት «ይችን ቃል እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ» አለቻቸው፤ እጇ ግን የእኔን እጅ ጨብጦ አልለቀቀም ነበር። እየጎተቱ ነው የወሰዷት ማለት ይቻላል። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ያን ሁሉ ስለ ሐርና ስለ ጥለት የማወራው ሴት፣ «እመቤቴ ያችን ብርሃን አትውሰጅባት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጠፋኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ገለጠው። እናቴ ዓይኗን አርገብግባ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ከስተሻል» አለችኝ። ቀጥላ «ፀጉርሽንስ ምን ነካው? ሽበት ነው እኮ!»

እኔ አለቀስኩ፣ ነርሶቹ እልል አሉ፣ ሐኪሙ «ሲስተር፣ አቧራና ውኃ እንዳይነካው» እያለ ሲመክር ማንም አልሰማውም።

መጀመሪያ ልሂድ ያለችው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ክንዴን ይዛ ገባን፤ ተሳልማ ስታበቃ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ፊት ቆመች። ልጅ ሆኜ እሷው ይዛኝ የምትቆምበት ቦታ ነው። የፈርዖን ሠራዊት በቀይ ባሕር ሲሰጥም ያሳያል፤ ፈረሶቹ ተገልብጠው፣ ወታደሮቹ እስከ አንገታቸው ተውጠው።

«ምስኪኖች» አለች በለሆሳስ፤ «እስከ ዛሬ አልወጡም።»

ሳቄን አፈንኩ። ከዚያ ግን ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየሁት ሁሉ ፈዝዤ ቀረሁ። የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ ይዘዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንግዳ እዚህ ሳመጣ «ሠዓሊው በዘመኑ ያየውን ጦር ነው የሳለው፣ ውበቱም ይኸ ነው» እያልኩ በኩራት አስረዳለሁ። በሙሴ ዘመን ጠመንጃ! ለዚያ ሠዓሊ ይህን ያህል የምራራ ሴት ለዚፑ እንዲያ የምጨክነው ለምንድን ነው? ሠዓሊው ጠመንጃውን የጨመረው የሚያየው ሰው እንዲፈራ ነው፣ ዚፑ ግን የስንፍና ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ግማሹን አሳመንኩት። ሌላው ግማሽ ግን አጎቴ በዚያች እሑድ እንዳየኝ ዓይነት መልስ እየጠበቀ ያየኝ ጀመር። እናቴ ክንዴን ሳብ አድርጋ «በቃ እንሂድ፣ ዛሬ እሑድ ነው» አለችኝ።

ድራማው አልቆ ቴሌቪዥኑ ከመጀመሪያው እየደገመው ነበር። ምሳ በላን። እናቴ ሶፋውን ትታ በርጩማ ጎትታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ «ራቅ በይ፣ ለዓይንሽ አይሆንም» ብላት አልሰማችኝም። ያን ሁሉ ወራት የሠራሁላትን ቤተ መንግሥት በአንድ ጊዜ ልታጣው ነው፤ ተከፍታ ብትነሣስ? አንድ ደስታ ነበራት፤ ዓይኗ በርቶ ያችን ደስታ ቢቀማትስ?

ንግሥቲቱ ወይን ጠጅ ከፋይዋን ለብሳ፣ ጨሌዋን አንጠልጥላ ብቅ አለች።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ!» አለች። «ይኸን ሁሉ ብልጭልጭ ደብቀሽኝ?»

«ከፋይ ነው እኮ እማዬ፣ ያውም የፋብሪካ...»

«ይሁን! አያምርም?» ጥፍሯን አየች፣ ጨሌውን አየች፣ ድንች ወጡ ሲመጣ በሳቅ ወደ ኋላ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የተከፋች አትመስልም። የእኔን ነጭ ሐር አላነሣችውም። እፎይ ማለት ሲገባኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

ከዚያ ልጁ የሚሸኝበት ቦታ ደረሰ። ፈረሶቹ ከግቢው ወጡ፣ ንግግሩ ቆመ፣ ማሲንቆው ብቻ ቀረ። ልማዴ ነውና «ያ የምታይው ባሕር ዛፍ» ብዬ ስጀምር እናቴ ፊቷን ሳትመልስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ዝም በይ።»

ባሕር ዛፉን ተውኩት።

«ታለቅሳለች» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተለውጧል። «ለካ ዝም ባሉ ቁጥር ታለቅስ ኖሯል። ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

መጀመሪያ ይኸው ትርኢት ሲታይ ስለ ጥልፉ ርዝመት እየነገርኳት ነበር። ስንት እሑድ ያች ሴት እንዲህ ሆና እናቴ «ምነው ዝም አሉ?» ብላኝ፣ እኔ ስለ መጋረጃ መለስኩላት። አላየሁም ነበር። ዓይን የነበረኝ እኔ ነበርኩ፣ አላየሁም።

እናቴ መልስ አልጠበቀችም። በርጩማዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝና ስቀርባት እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ነይ፣ አሁን እኔ ልንገርሽ» አለችኝ። «እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋለች። ግንባሯን በእጇ ላይ ደገፈች። ልጁ ዞሮ ልቅሶዋን እንዳያይ ትከሻዋ እንዳይነቃነቅ አጥብቃ ይዛዋለች፤ አየሽ? አሁን ደግሞ ሊያመልጣት ነው።»

ዚፑ እዚያው ጀርባዋ ላይ ብልጭ ይላል። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ዚፑም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።